አሞሌ ከኮራል በኋላ

ዋጃ በቆቦና በአላማጣ መካከል፣ በራያ ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። በምዕራቧ ገደላማው ደጋ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ በምሥራቅ በኩል የዞብል ተራሮች፣ ከእነሱም ማዶ የአፋር ቆላ አለ። አካባቢው ከባሕር ወለል ከ1,400 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት ሜዳ ነው። እንደ ጎሊና ያሉ ወንዞቹም ወደ ባሕር ሳይሆን ወደ አፋር ወርደው በረሃ ውስጥ ይቀራሉ። ስለ ባሕር እንስሳት ለመጻፍ ከዚህ መነሣት እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የዚህ አገር ገበያ ለብዙ መቶ ዓመታት የተገበያየበት አሞሌ ጨው የባሕር ልጅ ነው። የመጣውም ከወደብ ተጭኖ አይደለም፤ ባሕሩ ራሱ ወደ አገሩ ገብቶ እዚያው ስለ ቀረ ነው። የጨውን ንግድ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከነጋዴው፣ ከቀራጩና ከንጉሡ ይጀምራሉ። እኔ የምከራከረው ግን ታሪኩ ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ መጀመር አለበት ብዬ ነው። መነሻው ከተጣበቀበት የማይንቀሳቀስ፣ ፊትና ኋላ የሌለው አንድ ትንሽ እንስሳ፣ ማለትም ኮራል ነው። ያለ ኮራል ምስክርነት የአሞሌ ጨው ከየት እንደ መጣ፣ መቼ እንደ መጣና ለምን አንድ ቦታ ብቻ እንደ ተከማቸ ለመናገር የሚያበቃ ማስረጃ በእጃችን አይኖርም ነበር።

በመጀመሪያ ሰነዶቹ የሚሉትን እንይ፤ ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው የእስክንድርያ ነጋዴ፣ የአክሱም ንጉሥ ሰዎች ወርቅ ፍለጋ ወደ ሳሱ ሲሄዱ ከብት፣ ብረትና ጨው ይዘው እንደሚሄዱ ጽፏል። ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ደግሞ ስለ ጨው ከማንም በላይ ዘርዝሮ ተናግሯል። ርዝመቱን በስንዝር፣ ወርዱንና ውፍረቱን በጣት ለክቶ አስቀምጦታል። ከዚያም በላይ የሚያስደንቀው ዋጋውን መከታተሉ ነው። ጨው ከሚወጣበት ስፍራ አንድ ድራም ወርቅ ከ120 እስከ 130 አሞሌ ይገዛል፤ አንድ ቀን መንገድ ርቆ ባለው ገበያ ቁጥሩ በአምስትና በስድስት ይቀንሳል፤ እንዲህ ከገበያ ወደ ገበያ እየቀነሰ ሄዶ ከንጉሡ ሰፈር ሲደርስ ያው ድራም የሚገዛው ስድስት ወይም ሰባት አሞሌ ብቻ ነው። የዛሬዋን ራያና አካባቢዋን ያቅፍ በነበረው በአንጎት ደግሞ አልቫሬስ ሌላ ነገር አየ። እዚያ ዋናው ገንዘብ የአካፋ ቅርጽ ያለው ብረት ነበር፤ ጨውም ከብረቱ ጎን እየተመነዘረ ይዘዋወር ነበር። በዚያው ዘመን የቆላውን መንገድ የሚያስፈሩት የዶባ ሰዎች ነበሩ። ዐፄ በእደ ማርያም ከእነሱ ጋር ብዙ ተዋግቷል፤ ነጋዴዎችም እነሱን ፈርተው በብዛት ሳይሰባሰቡ አያልፉም ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ በትግራይ ባልገዳ የሚባል ሹም የጨውን መንገድ እንዲጠብቅና እንዲያስቀርጥ ይሾም ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባልገዳ አርአያ በዚህ ማዕረግ ታውቋል።

ይህ ሁሉ ጥሩ ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ አልቫሬስ የጨው ሜዳውን አላየም። አሞሌ ከተራራ ተፈልጦ ይወጣል ሲባል ሰምቶ እንደ ሰማው ጻፈ። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ በ1625 ጀሮኒሞ ሎቦ ከቀይ ባሕሩ ወደብ ከበይሉል ተነሥቶ በደናክል በረሃ ሲያልፍ ሜዳውን በዓይኑ አየ፤ ሙቀቱን ሸሽቶ በሌሊት ከመጓዙ በቀር ግን ጨው ለምን እዚያ እንደ ተኛ ሊመረምር የሚችልበት ዘመን አልነበረም። ጨው ራሱም አይናገርም። ከባሕር የመጣ ጨውና ከምንጭ የመጣ ጨው ምላስ ላይ አንድ ናቸው። ውኃ ሲነካው ይሟሟል፤ ሲደርቅ ዳግም ይረጋል፤ የቀድሞ ታሪኩንም ያጠፋል። ስለዚህ ሌላ ምስክር ያስፈልጋል፤ የማይሟሟ፣ የማይንቀሳቀስና የኖረበትን ውኃ ዓይነት በአካሉ የመዘገበ ምስክር።

ይህ ምስክር ኮራል ነው። ሲያዩት ድንጋይ ወይም ቁጥቋጦ ይመስላል፤ ግን እንስሳ ነው። ከጄሊፊሽ ጋር አንድ ትልቅ የዘር ሐረግ ይጋራል፤ ሁለቱም የሚበሉትን የሚይዙት በሚናደፉ ጥቃቅን ሕዋሳት ነው። የአካላቸው ንድፍ ከእኛ በጣም ይለያል። ሰውም ግመልም አንበጣም ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ አላቸው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ ፍጥረት ዓይኑንና አፉን ወደሚሄድበት ማድረጉ ይጠቅመዋልና። ኮራል ግን አንድ ጊዜ ከተጣበቀ በኋላ የትም አይሄድም፤ ምግቡም ጠላቱም ከየትኛውም ወገን ሊመጣበት ይችላል። ስለዚህ አፉ ከመሃል ሆኖ ክንዶቹ በዙሪያው ይደረደራሉ፤ መሶብ ከብበው እንደ ተቀመጡ ሰዎች ሁሉም ከመሃሉ እኩል ይርቃሉ። ጄሊፊሽም በዚሁ ንድፍ የተሠራ ነው፤ እሱ ይዋኛል ቢባልም አብዛኛውን ጊዜ ማዕበሉ ወደ ወሰደው የሚሄድ ነውና ፊት የሚባል ነገር ብዙም አላስፈለገውም። የባሕር ጃርትና የባሕር ኮከብ ግን ወደዚህ ቅርጽ የደረሱት በሌላ መንገድ ነው። ገና እጭ ሳሉ እንደ እኛ ግራና ቀኝ አላቸው፤ ሲያድጉ ግን አካላቸው በአምስት ተከፍሎ በመሃል ዙሪያ ይደራጃል። ይህ የቁጥር ነገር ለታሪክ ጸሐፊ የማይረባ ዝርዝር ሊመስል ይችላል፤ ድንጋይ ለሚያነብ ሰው ግን ፊደል ነው። የዛሬዎቹ ግንብ ሠሪ ኮራሎች የውስጥ ግድግዳ በስድስትና በስድስት ብዜት ይከፈላል፤ የባሕር ጃርት ቅርፊት በአምስት። ሥጋው ከጠፋ ከመቶ ሺህ ዓመት በኋላ እንኳ የተሰበረ ቁራጭ አንሥቶ የእነማን ቤት እንደ ነበር መለየት ይቻላል። ጄሊፊሽ ጠንካራ ክፍል ስለሌለው ሲሞት ዱካው እምብዛም አይገኝም። ዘመዱ ኮራል ግን ከባሕር ውኃ ኖራ እያወጣ ከሥሩ ቤት ይሠራል፤ ልጆቹ በሞተው ላይ ይሠራሉ፤ በሺህ ዓመታት ውስጥ መርከብ የሚሰብር የኮራል ግንብ ይቆማል።

ኮራልን ጥሩ ምስክር የሚያደርገው ይህ ብቻ አይደለም፤ መራጭነቱም ነው። ግንብ የሚሠሩት ኮራሎች በሥጋቸው ውስጥ ጥቃቅን አልጌዎችን ያኖራሉ፤ አልጌዎቹ ከፀሐይ ብርሃን የሚሠሩት ምግብ የኮራሉ ዋነኛ ስንቅ ነው። ስለዚህ ኮራሉ ብርሃን የሚደርስበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ይፈልጋል። ሙቀት ይፈልጋል። ደለል ያፍነዋል፤ የወንዝ ውኃ ይገድለዋል። የጨው መጠኑም የተወሰነ ነው፤ ከመቶ 3.5 ገደማ የሆነው የውቅያኖስ ውኃ ይስማማዋል፣ ወደ 4 የሚጠጋውን ቀይ ባሕርንም ይችለዋል፤ ከዚያ ብዙ ከራቀ ግን አይኖርም። እንግዲህ ከቆመበት ቦታ ያልተነቀለ የኮራል ግንብ ባየን ቁጥር ስለ ጥንቱ ውኃ አምስት ነገር እናውቃለን፤ ባሕር ነበር፣ ሞቃት ነበር፣ ጥልቅ አልነበረም፣ ጥርት ያለ ነበር፣ ጨዋማነቱም ልከኛ ነበር። ዛጎል ይህን ሊያደርግ አይችልም። በወሎ ቆዳ ለብሶ በዛጎል ያጌጠ አገልግል ቢገኝ የሚያስረዳው ነጋዴ መምጣቱን እንጂ ባሕር መምጣቱን አይደለም፤ ዛጎል ይሸጣል፣ ይጫናል፣ ይወረሳል። የተጣበቀ የኮራል ግንብን ግን በግመል የሚጭነው የለም።

የደናክል ረባዳ መሬት ዛሬ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ደረቅ አገር ነው። በሁለቱም ጠርዞቹ በአሥር የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ከቀይ ባሕር ርቀው የኮራል ግንቦች ቆመዋል። ከ1967 ጀምሮ አሩን ታዚየፍና ጆርጆ ማሪኔሊ የመሩት የፈረንሳይና የኢጣሊያ የሳይንስ ቡድን አፋርን በሰፊው ሲያጠና፣ ከእነዚህ ግንቦች ናሙና ተወስዶ ዕድሜው ተለካ፤ ከዚያ ወዲህም በተሻለ መሣሪያ በተደጋጋሚ ተለክቷል። የአለካኩ ዘዴም በዚያው በኮራሉ ኑሮ ላይ የተመሠረተ ነው። በባሕር ውኃ ውስጥ ዩራኒየም ሟሙቶ ይገኛል፤ ቶሪየም ግን በውኃ አይሟሟም። ኮራል ቤቱን ሲሠራ ዩራኒየሙን ከኖራው ጋር ይገነባዋል፣ ቶሪየም ግን ከሞላ ጎደል አያገኝም። ከሞተ በኋላ ዩራኒየሙ በታወቀ ፍጥነት እየተለወጠ ቶሪየም ይሆናል፤ በውስጡ የተከማቸውን ቶሪየም መለካት የሞተበትን ዘመን መቁጠር ነው። ውጤቱ እንደሚያሳየው ግንቦቹ ቢያንስ የሁለት ዘመን ናቸው፤ አንዱ ወደ 200,000 ዓመት፣ ሌላው ወደ 125,000 ዓመት የሚጠጋ። ሁለቱም ዘመናት የዓለም በረዶ ቀልጦ የባሕር ከፍታ የጨመረባቸው ናቸው፤ በኋለኛው ጊዜ ባሕሩ ከዛሬው ቢያንስ ስድስት ሜትር ይበልጥ ነበር። በዙላ ባሕረ ሰላጤ በኩል ያለው ዝቅተኛ በር ተከፍቶ ቀይ ባሕር ወደ ደቡብ አንድ ክንዱን ሰደደ፤ ክንዱም እስከ ደናክል ወለል ደረሰ።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ኮራልና ጨው ጎረቤት ሆነው ቢገኙም አብረው ሊኖሩ ግን አይችሉም። የባሕር ውኃ እየተነነ ሲሄድ መጀመሪያ የሚረጋው ኖራ ነው። ውኃው ሦስትና አራት እጥፍ ሲወፍር ጂፕሰም ይረጋል፤ የምንበላው ጨው የሚረጋው ውኃው ወደ አሥር እጥፍ ሲወፍር ነው። ኮራል ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ ይሞታል። ስለዚህ በደናክል ጠርዝ ላይ ኮራል፣ ከእሱ ቀጥሎ ወደ ውስጥ ጂፕሰም፣ ከመሃል ደግሞ ጨው ተደርድረው ስናይ የአንድ ባሕር የሕይወት ታሪክ በቅደም ተከተል ተጽፎ እያነበብን ነው። በሩ ክፍት ሳለ ኮራል ለማ፤ በሩ ሲጠብብና ሲዘጋ፣ እሳተ ገሞራና የመሬት መነሣት አግዘውት፣ ውኃው ወፈረ፣ ኮራሉ ሞተ፣ ጂፕሰሙ ረጋ፣ በመጨረሻም ጨው ሜዳውን ሸፈነ። ለአሞሌው የልደት ቀን ሊሰጠው የሚችለው ኮራሉ የሞተበት ቀን ነው። ያለ ኮራሉ ጨው ብቻ ቢኖረን ኖሮ የሚቀረን የዕድሜ ግምት ልቅ ይሆን ነበር።

አንድ ቀላል ሒሳብ ደግሞ ታሪኩ አንድ ጊዜ ብቻ የተፈጸመ እንዳልሆነ ያሳያል። አንድ ሺህ ሜትር ጥልቀት ያለው የባሕር ውኃ ሙሉ በሙሉ ቢተን የሚተወው ጨው 13 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በደናክል ግን ፖታሽ የፈለጉ ኩባንያዎች ሲቆፍሩ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የጨው ንጣፍ አግኝተዋል። ይህን ለማጠራቀም ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ቁመት ያለው ውኃ መትነን አለበት፤ እንዲህ ያለ ባሕር ደግሞ በምድር ላይ የለም። ስለዚህ ባሕሩ ደጋግሞ ገብቷል፣ ወይም በጠባብ በር ለረጅም ዘመን እየፈሰሰ እየተነነ ቆይቷል፤ ወለሉም በስምጥ ሸለቆው መሰንጠቅ ምክንያት እየወረደ ለጨው ቦታ ለቋል። የኮራሎቹ ሁለት ዘመን የሚመሰክረው ይህንኑ ነው፤ የቀሩት ምዕራፎች ከጨው ሥር ተቀብረዋል።

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላል አይደሉምና ችላ ልላቸው አልፈልግም። የመጀመሪያው የእሳተ ገሞራ ተቃውሞ ነው። አፋር ፍል ውኃና እሳተ ገሞራ የሞላበት አገር ነው፤ አንዳንድ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ባሕር ሳይነካቸው ጨዋማ ሆነዋል፤ ታዲያ አሞሌ የሚፈለጥበት የደናክሉ የአሳሌ ሜዳ ጨው ከምንጭ የመጣ ቢሆንስ? የአብያታና የሻላ ሐይቆች ለዚህ መልስ ይሰጣሉ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ታጥቦ የሚጠራቀም ውኃ ሲደርቅ በብዛት የሚተወው ሶዳ ነው፤ አብያታ ዳር የሶዳ ፋብሪካ የተተከለውም በዚህ ምክንያት ነው። በደናክል ግን የተገኘው ንጣፍ ጂፕሰም፣ የገበታ ጨውና ፖታሽ በባሕር ውኃ ቅደም ተከተል የተደረደሩበት ነው። ፍል ውኃዎች አሉ፤ እዚያው ደናክል ውስጥ ዳሎል ላይ ጨውን እያሟሙ እንደ ገና ያወጡታል፤ ሥራቸው ግን የተቀመጠውን ማዘዋወር ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚሁ ይቀጥላል፤ ዛሬ በመጥረቢያ የሚፈለጠው የላይኛው ንብርብር የትናንት ነው፣ በየዓመቱ ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ሜዳውን አጥለቅልቆ ያሟሟዋል፣ ሲደርቅ አዲስ ቅርፊት ይሠራል ይላል። ይህ እውነት ነው፤ አሞሌው በቅርጹ አዲስ ነው። በውስጡ ያለው ሶዲየምና ክሎሪን ግን ከሥሩ ካለው ከአሮጌው የባሕር ጨው የመጣ ነው፤ የደጋው ዝናብ አድሶታል እንጂ አልፈጠረውም። እንዲያውም ከራያ በስተ ሰሜን ካሉት ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ፣ በኋላ ወደ እነዚያው ተራሮች የሚወጣውን ጨው እያለሰለሰ እንደሚያዘጋጅ ማሰብ ደስ ይላል።

ሦስተኛው በአገራችን በብዛት የሚሰማው ነው፤ በየብስ ላይ የባሕር እንስሳ ከተገኘ የኖኅ ውኃ ትቶት የሄደው ነው ይባላል። ለሃይማኖቱ ካለኝ አክብሮት ጋር፣ የኮራሉ ኑሮ ይህን ንባብ አይቀበልም። ኮራል ለመሥራት ዘመን ይፈልጋል፤ ፈጣን ያልሆኑት ክብ ኮራሎች በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ያድጋሉ፣ የየዓመቱም ዕድገት እንደ ዛፍ ቀለበት በአካላቸው ላይ ይታያል። ሜትሮችን የሚያህል ግንብ በወራት ጎርፍ አይቆምም። ደግሞም ዝናብ የበዛበትና ደለል የያዘ ውኃ ለኮራል ሞት ነው፤ ጎርፍ ኮራልን ቢገድል እንጂ አይተክልም። አራተኛው ተቃውሞ ከወጥ ቤትና ከጤና ጣቢያ የሚመጣ ነው፤ እኔም ከሁሉ የበለጠ የምወደው እሱን ነው። አሞሌው የባሕር ጨው ከሆነ ሲበሉት በኖሩት ደገኞች ዘንድ እንቅርት ለምን በዛ? ባሕር አዮዲን አለው አይደል? መልሱ አዮዲን ከጨው ጋር አብሮ አለመርጋቱ ነው። በባሕር ውኃ ውስጥም ያለው እጅግ ጥቂት ነው፤ ጨው ሲረጋ ያም ጥቂት ከቀረው ውኃ ጋር ይሄዳል። ዛሬ ከባሕር ዳር የሚመረት ጨው እንኳ አዮዲን ካልተጨመረበት እንቅርትን አይከላከልም፤ መንግሥት በ2011 ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የደነገገውም ለዚህ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል፤ ወደ ሰሜን በሂንጣሎና በመቐለ ዙሪያ በእርሻ መሬት ውስጥ የሚገኙት የባሕር እንስሳት የዚህ ባሕር አይደሉም። በ1868 ከእንግሊዙ የናፒየር ጦር ጋር ወደ መቅደላ የዘመተው የሥነ ምድር ሊቅ ዊሊያም ብላንፎርድ ከዙላ ተነሥቶ በአዲግራት፣ በሂንጣሎና በአሸንጌ በኩል ሲያልፍ ያየውን ድንጋይ እየመደበ ስም ሰጠ። የሂንጣሎ የኖራ ድንጋይ፣ የአሸንጌ ባዛልት የሚሉት መጠሪያዎች የእሱ ናቸው፤ ዛሬም በሥነ ምድር መጻሕፍት ይሠራባቸዋል። በሂንጣሎው ድንጋይ ውስጥ ኮራልና የባሕር ጃርት አለ፤ ነገር ግን ዕድሜያቸው ወደ 160 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል፤ ያ ባሕር ቀይ ባሕር ሳይኖር የነበረ ሌላ ባሕር ነው። በዚያ ላይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ግድም በፊት የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ተደረበበት። የራያ ተራሮች በአብዛኛው ይህ ባዛልት ናቸው፤ የዋጃና የቆቦ ሜዳ አፈርም ከእሱ ታጥቦ የወረደ ደለል ነው። ለማሽላ ይመቻል፣ ጨው ግን የለውም። ቀይ ባሕር በገባበት ዘመንም ራያ ከዞብል ተራሮች ወዲህ ከፍ ብላ ነበርና ውኃው አልደረሰባትም። ኮራል በዋጃ አፈር ውስጥ አለመገኘቱ ክርክሬን አያፈርሰውም፤ ራያ ሻጭ ሳትሆን ገዢና አሳላፊ የሆነችበትን ምክንያት ያስረዳል እንጂ።

እንግዲህ ወደ ገበያው እንመለስ። አልቫሬስ የመዘገበው የዋጋ መሰላል ግልጽ ትርጉም የሚያገኘው መነሻው አንድ ነጥብ መሆኑ ሲታወቅ ነው። ብረት በብዙ ቦታ ይቀለጣል፤ እህል በየማሳው ይበቅላል፤ ጨው ግን ከአንድ የሞተ የባሕር ክንድ ወለል ብቻ ይወጣ ነበር። ያ ወለል ዝቅ ያለ፣ እጅግ የሚያቃጥል፣ በአፋር ባላባቶች እጅ ያለ ነበር። ምርቱ ወደ ደጋ ከመውጣት ሌላ ገበያ አልነበረውም፤ በእያንዳንዱ የመወጣጫ እርከን ላይ ደግሞ ግመል በበቅሎና በአህያ ይቀየር፣ ቀራጭ ይቆም ነበር። ለገንዘብነት ያበቃውም ይኸው ይመስለኛል። ማንም እንደ ልቡ ሊያበዛው አይችልም፤ ሁሉም ግን ይፈልገዋል፤ ከብቱም ጭምር። ደግሞም በየጊዜው ይበላል፣ በዝናብ ይሟሟል፣ ሲሰበር ዋጋው ይወርዳል፤ ስለዚህ የመጣው ሁሉ በገበያ ተከማችቶ አይረክስም። አልቫሬስ በክረምት የአሞሌ ዋጋ ሲወደድ ማየቱ ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ዝናብ መንገዱን ይዘጋል፣ ጎርፉ ሜዳውን ያጥለቀልቃል፣ በእጅ ያለውንም ያቀልጣል። ማሪያ ቴሬዛ ብር ከገባ በኋላ፣ ምኒልክም በ1894 የራሳቸውን ገንዘብ ካስመቱ በኋላ እንኳ አሞሌ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ለትናንሽ ግዢ ምንዛሪ ሆኖ መቆየቱ በአጋጣሚ አይደለም።

አንባቢ እዚህ ላይ ‹‹ታዲያ ሰውን ምን አደረግኸው? ሁሉን ኮራልና ጂፕሰም ከወሰኑት ታሪክ የት ቀረ?›› ሊል ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ባሕሩ የወሰነው ጨው የት እንደሚገኝ ነው፤ ማን እንደሚሸከመው፣ በየት በኩል እንደሚያልፍና በማን ዋጋ እንደሚሸጥ አይደለም። ለዚህ አንጎት ራሷ ማስረጃ ናት። ከንጉሡ ሰፈር ይልቅ ለጨው ሜዳው የምትቀርብ ሆና ሳለ የአገሩ ሰዎች ብረትን ዋና ገንዘብ አድርገው ጨውን ከጎኑ አስቀመጡ፤ ርቀት ብቻ ቢወስን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። የዶባ ሰዎች መንገዱን ማስፈራታቸው፣ ነገሥታቱ መዝመታቸው፣ ባልገዳ መሾሙ፣ ሰቆጣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ የአሞሌ ገበያ መሆኗ፣ እነዚህ ሁሉ የሰው ሥራዎች ናቸው። በእኛም ዘመን እንዲሁ ነው። ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ የምግብ ጨው በአመዛኙ ከአሰብና ከምጽዋ ይመጣ ነበር። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ መንገዱ ተዘጋና የአፍዴራ ሐይቅ ጨው ቦታውን ያዘ። ጦርነቱ ጨው አልፈጠረም፤ ከሰው ውሳኔ የተነሣ ግን ከረጢቱ ከሌላ አቅጣጫ መምጣት ጀመረ። አሞሌውም ከሰው ገበታ እየወጣ በየገበያው የከብት ጨው ሆኖ ቀረ።

ስለ ሰው ከተነሣ ደግሞ ኮራሉ አንድ የቀረው ምስክርነት አለ። በዙላ ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ ጥንታዊቷ አዱሊስ ከነበረችበት ብዙም ሳይርቅ፣ አብዱር በሚባል ስፍራ ወደ 125,000 ዓመት ዕድሜ ባለው የኮራል ግንብ ውስጥ ሰው የሠራቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ተጣብቀው ተገኝተዋል፤ ግኝቱም በ2000 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታትሟል። እነዚያ ሰዎች በባሕሩ ዳር የቅርፊት እንስሳትን እየሰበሰቡ ይበሉ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ቀይ ባሕር ወደ ደናክል የሰደደው ክንድ ገና ሕያው ነበር፣ ኮራሉም ይሠራ ነበር፤ የአሳሌ የላይኛው ጨው ገና አልረጋም። ከመሣሪያዎቻቸው መካከል ከኦብሲዲያን የተፈለጡ ስለቶች ይገኛሉ። ኦብሲዲያን የእሳተ ገሞራ መስታወት ነው፤ ኮራል ውስጥ አይበቅልም፣ ባሕርም አይሠራውም። ከእሳተ ገሞራው ምድር አንሥቶ ወደ ኮራሉ ዳርቻ የወሰደው ሰው ነበር። እንግዲህ በዚህ አገር ከየብስ ወደ ባሕሩ ዳር ዕቃ መጓጓዝ የጀመረው፣ አሞሌ በተቃራኒው ከባሕሩ ወለል ወደ ደጋ መውጣት ከመጀመሩ ከመቶ ሺህ ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ ነው።